ሳልደርሰው የከረምኩት የዲክሲስ ለቅሶ

ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ማወቅ የሚፈልግ፣ እኔን አሰላ ገበያ ላይ ይመልከተኝ። ቀጥ ብዬ አልሄድም። ጥግ ጥጉን እይዛለሁ። ከሩቅ ጥቁር ሻርፕ የለበሱ እናት ባየሁ ቁጥር ያልተደወለ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» እያልኩ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ እገባለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስሸሽ ባጃጁ የማላውቀው ሰፈር፣ የማላውቀው ሰው በር ላይ አወረደኝ። ሰውየው ብቅ ብሎ «ማንን ፈልገህ ነው?» ሲለኝ «አንተን አይደለም» ብዬ ተመለስኩ።

የምሸሻቸው እናት የዲክሲስ ወረዳ ሰው ናቸው። ባላቸው ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ዓምና ሆስፒታል ውስጥ የመተንፈሻ ማሽን ያለው አልጋ ሲጠብቁ አረፉ። በዚያ ሰሞን እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው አልጋ ላይ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። አልሰረቅሁትም፤ ቀድሜ መጣሁ፣ አስተኙኝ። ይህን ለራሴ በቀን መቶ ጊዜ እነግረዋለሁ። ራሴ ግን ከኔ የባሰ ቀልደኛ ነውና አያምነኝም።

እንዴት እንደታመምኩ ልናገር። የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ዓምና ክረምት ሊገባ ሲል የዛገ ቧንቧ ጫፍ እጄን ጫረኝ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቆይቶ አንድ ቀን ምሳ ላይ አፌ አልከፈት አለኝ። በጣቴ እየጠቆምኩ ለሚስቴ አሳየኋት። ጉርሻዋን እየዋጠች፣

«ዛሬ ደግሞ ይሄን አመጣህ?» አለችኝ።

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ተው እንጂ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ የኖረ ሰው የምሩ ቀን ሲመጣ በምን ይታመናል? ያመነችኝ ጀርባዬ እንደ ቀስት ተለጥጦ ከወንበሩ ስወድቅ ነው። መንጋጋ ቆልፍ ነበር፤ ሐኪሞቹ ቴታነስ ይሉታል። የሰፈሩ ሰው በበኩሉ «እግዜር በመጨረሻ አፉን ዘጋው» ብሎ ተረጎመው አሉ። ሻማ ያበሩም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ለመዳኔ ይሁን ለዝምታዬ አላጣራሁም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ተሰካ። ቧንቧ ስቆርጥና ስሸጥ ኖሬ፣ ቧንቧው በተራው ተበቀለኝ ማለት ነው። እንዳልንፈራገጥ በመድኃኒት አስተኙኝና መተንፈሱን ማሽኑ ተረከበኝ። የክፍሉ አልጋዎች የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም፤ የሚሠራ ማሽን ያላቸው ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ከእነዚያ አንዱን ይዤ ለሳምንታት ተኛሁ። በሽታው ቶሎ የሚለቅ አይደለም። ሂድ የማይባል እንግዳ ሆኜ ከረምኩ።

ከዳንኩ በኋላ ዝም ላልኩበት ጊዜ ሁሉ ካሳ ከፈልኩ። ሻይ ቤት ሆነ ሱቅ፣ ሰው ባየሁበት ሁሉ ሞቴን እተርክ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ነበር የሞትኩት፤ አድማጭ ሲበዛ ሦስት ጊዜ ሞትኩ። ሰማይ ቤት ደርሼ ቧንቧቸው ሲያፈስ አየሁና የመቀየሪያውን ዋጋ ነገርኳቸው፤ «መልሱት፣ ይሄ ሰውዬ ውድ ነው» ብለው አባረሩኝ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ለደንበኞች ይህንኑ ስተርክ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ብሎን የምትለየው ሚስቴ ቀና ሳትል፣

«የዲክሲሱን ሰውዬም ጨምርላቸው» አለች።

«የምን ዲክሲስ?» አልኳት። የምሬን ነበር፤ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነገረችን። እኔ በማሽን ስተነፍስ እሷ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ግቢው ውስጥ በረንዳ ላይ ነበር የምታድረው። ከጎኗ አንዲት የዲክሲስ እናት ነበሩ፤ ምግብ አብረው ይበላሉ፣ አንድ ብርድ ልብስ ይጋራሉ። ባላቸው ሳንባቸውን ታመው ድንገተኛ ክፍል ተኝተዋል። ጉሮሯቸው ውስጥ እንደ እኔው ቱቦ ገብቷል፤ ማሽን ግን የለም። ሐኪሞቹ አዳማም አዲስ አበባም እየደወሉ ቦታ ይፈልጋሉ። ቦታ እስኪገኝ አየር የሚሰጣቸው በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ከረጢት ነው። ነርሶቹ ለሌላው በሽተኛም መድረስ አለባቸው፤ ስለዚህ አጨማመቁን ለቤተሰቡ አሳዩ። ሚስትየዋ ጨመቁ። እጃቸው ሲዝል የእኔ ሚስት ተቀበለቻቸው። የሷ ሲዝል እሳቸው።

«ሐኪሙ መጥቶ በቃ ሲለን ከረጢቱ እኔ እጅ ላይ ነበር» አለች ብሎኗን እየለየች። «ካለኝም በኋላ ትንሽ ጨመቅሁ።»

ቧንቧ ሊገዛ የመጣው ሰው ሳይገዛ ወጣ።

እሷ እኔን ለእህቴ አደራ ብላ ያኔውኑ ዲክሲስ ወርዳ ለቅሶ ደርሳ ነበር። «አንተም ሂድ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። አልሄድኩም። መጀመሪያ እግሬ አልጠናም አልኩ። ቀጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ከዚያ አጨዳ ደርሷል፣ ሰው አይገኝም አልኩ። እውነቱ ግን ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም። በሩን ከፍቼ «አላህ ያጽናችሁ» ልበል? በማን ትንፋሽ? ለቅሶ ደግሞ ሲያድሩበት የሚቀል ነገር አይደለም። ሳምንት ሲያልፈው ያሳፍራል፣ ወር ሲያልፈው ያስፈራል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን አይቶ መሸሽ ይጀመራል።

ሽሽቴ ጫፍ የደረሰው ገበያ ላይ ነው። ሚስቴ አንድ ጊዜ ከሩቅ አሳይታኝ ስለነበር መልካቸውን አውቀዋለሁ። ከሚኒባስ ወርደው ወደ እኔ አቅጣጫ ሲመጡ ባጃጅ አልነበረም። የተከፈተ በር አገኘሁና ገባሁ። የሴቶች ጸጉር ቤት ነው። ባለቤቷ ራሴን አየች። መላጣ ነኝ፤ ትንሽ መላጣ አይደለም፣ አውሮፕላን የሚያርፍበት መላጣ።

«ምን ልሥራልህ ጋሼ?»

«ዋጋ ልጠይቅ ብዬ ነው» አልኳትና፣ ሴትየዋ እስኪያልፉ የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ታዲያ ባለፈው ወር ከሆስፒታሉ አንድ ወጣት ሐኪም ደወለልኝ። ስለ ጽኑ ሕሙማን ሕክምና የወደፊት ዕቅድ ትልቅ ምክክር አለ አለኝ። ከተለያየ አገር ሐኪሞች ይመጣሉ፤ ሀብታም አገርም ደሃ አገርም፣ ትልቅ ሆስፒታልም የወረዳ ጤና ጣቢያም የየራሱን አቅም ይዞ እንዴት መቀጠል እንዳለበት ይነጋገራሉ። ታክሞ የዳነ ሰውም እንዲናገር ተፈልጓል።

«ስንት ደቂቃ?» አልኩት።

«አምስት።»

«አምስት ደቂቃ ለአንዱ ሞቴ ነው ወይስ ለሦስቱም?»

ሳቀ። እኔም ኮቴን አስተኩሼ ሄድኩ።

የሆቴሉ አዳራሽ በክብ ጠረጴዛ ተሞልቷል። በር ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ይሰጣሉ፤ ቀለሙ የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ ያሳያል። አረንጓዴ ደረሰኝ። አረንጓዴው ጠረጴዛ ላይ ከሰላምታም በፊት ያየሁት ጥቁሩን ሻርፕ ነው። የዲክሲሷ እናት ናቸው። ለካ ከታማሚ ጋር አስታማሚም ተጠርቷል።

ከኋላዬ የነበሩትን የበቆጂ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ያዝ አደረግኋቸው።

«ጋሼ፣ ቀለም እንቀያየር። አረንጓዴ ለዓይን ጥሩ ነው ይላሉ።»

«የኔም አረንጓዴ ነው» አሉኝ ወረቀታቸውን እያሳዩ።

ዕድሌ እንዲህ ነው። ሄጄ ቆምኩ። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝና «ታኢ»፣ ተቀመጥ ብለው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ። እዚህ አገር ትልቅ ሴት አዴ ተብላ ነው የምትጠራው።

«እንደምን አሉ አዴ?»

«አልሃምዱሊላህ። ሚስትህ ደህና ናት?»

እንግዲህ አወቁኝ። «ደህና ናት።»

«እሷ መጥታ ነበር።»

«አዎ አዴ።»

«አንተ አልመጣህም።»

«እግሬ ነው አዴ። ከበሽታው በኋላ እግሬ ጨርሶ እምቢ አለኝ፤ ከቤት ሱቅ ለመድረስ ግማሽ ቀን…»

«እግርህንማ ገበያ ላይ አየሁት» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ሲሮጥ። ሴቶች ጸጉር ቤት ሲገባ።» ራሴን ከፊት ወደ ኋላ አዩት። «አልሠሩልህም እንዴ?»

የበቆጂው መምህር ሻያቸው ትን አላቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምስጋና የማቀርብ ነበርኩ።

ስብሰባው ተጀመረ። አንዱ እንግዳ፣ አንዱ ሆስፒታል ብቻውን የአርሲን ሕዝብ ከነከብቱ ያስተኛል ከሚባል አገር የመጣ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ በወረርሽኙ ጊዜ አልጋ አልቆባቸው መምረጥ ግድ እንደሆነባቸው ሲናገር ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። ቀጥላ የተናገረችው ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣች ሐኪም «እኛ ሁልጊዜ ነው የምንመርጠው» ብላ በአጭሩ ተቀመጠች። ከዚያ ለየጠረጴዛው ጥያቄ ተሰጠ። የደወለልኝ ወጣት ሐኪም የኛ አወያይ ነበር፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አነበበው። አንድ አልጋ ቀርቷል፣ ሁለት በሽተኞች መጥተዋል። ለማን ይሰጥ?

ሁሉንም ነገር አስቤ ነበር፤ ይህን አላሰብኩም። እጄን ጠረጴዛ ሥር ደበቅሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሌላ ሰው እንዲያወራ ፈልጌ አላውቅም።

«ቀድሞ ለደረሰው» አሉ መምህሩ።

«እናንተ በቆጂዎች ሁሉን ነገር በሩጫ» አልኩ። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማንም አልሳቀም።

«እርስዎስ እናቴ?» አለ ሐኪሙ።

አዴ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ኮምባይነር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አጨዳ ሲደርስ ለአገሩ ሁሉ አንድ ኮምባይነር ነው የሚመጣ። ዝናብ ያስፈራራል። ሰው ሁሉ ወረፋ ነው። አንዱ ማሳ ገብቶ ማጨድ ከጀመረ ግን መሀል ላይ ና ውጣ አይባልም። የኔ ስንዴ ሊበላሽ ነው ብልም አይወጣም። ይጨርሳል።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። እኔ ግን ማሳ ሆንኩ፤ የገባብኝ ማሽን ለሳምንታት የተሽከረከረብኝ ማሳ።

«ኮምባይነር ያልደረሰው ሰው ግን ብቻውን አይተውም» ብለው ቀጠሉ። «ጎረቤቱ ማጭድ ይዞ ይወጣል። የጨረሰው ሰው ራሱ ማጭድ ይዞ ይወጣል። እዚያ ሆስፒታል ግን ማጭዱን የያዝነው እኔና የዚህ ሰው ሚስት ነበርን። እጃችን ዛለ። ነርሷም ዛለች፤ እሷም ብቻዋን ናት። ለማን እንደሚሰጥ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ያላገኘውን ማን እንደሚይዝለት ጻፉ።»

ሐኪሙ ጻፈ። ሲጽፍ አዴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የሸሸኸኝ በአልጋው ነው?»

መንጋጋዬ ያ በሽታ ተመልሶ የያዘው መሰለኝ።

«እኔም የምነግርህ ነበረኝ» አሉ። «ያን ሰሞን ሚስትህ ከጎኔ ተቀምጣ እኔ ዱዓ አደርግ ነበር። ያኛው አልጋ ይለቀቅ ብዬ። እንዴት እንደሚለቀቅ አውቃለሁ። ብርድ ልብሷን ተከናንቤ ነው የለመንኩት። ለቅሶ ስትመጣ ነገርኳት፤ እጄን ያዘችኝ። አንተን ደግሞ ስጠብቅ ከረምኩ።»

ሚስቴ ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔ ሰማይ ቤት ቧንቧ ስሸጥ እያደመጠች ብሎን ትለያለች።

«ዱዓዎ ለጥቂት ነው የሳተኝ አዴ» አልኩ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ መሳቃቸውን ያወቅሁት ዓይናቸውን አይቼ ነው። ከዚያ ዓይናቸው ሌላ ሆነ። «ዲክሲስ ና» አሉ። «ለቅሶ የኔ ብቻ አይደለም። የሱም ወንድም አለ።»

የየጠረጴዛው ሐሳብ የሚቀርብበት ሰዓት ሲደርስ አዴን እንዲናገሩ ለመንኳቸው። «ሰው ፊት አልናገርም፣ አንተ በል» አሉ። ሦስቱን ሞቶቼን ኪሴ ውስጥ ትቼ ተነሣሁና ስለ ኮምባይነሩ፣ ስለ ማጭዱ፣ ስለ ዛለው እጅ አወራሁ። የሴትየዋ ሐሳብ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ግን አስተርጓሚው ቸኩሎ ዘለለው መሰለኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያ ከሀብታሙ አገር የመጣው እንግዳ ሳይቀር መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ሐሳቡም ግድግዳው ላይ ካሉት የዕቅድ ወረቀቶች መሀል ተለጠፈ። አዴ አጠገቤ ተቀምጠው ስኳር ሻያቸው ውስጥ ያማስላሉ። ጭብጨባውም የእሳቸው ነበር፤ እሱንም እኔ ተኛሁበት። ኧረ እኚህ ሴትዮ ስንት ጊዜ ነው የሚቀደሙት?

በሳምንቱ ከሚስቴ ጋር ዲክሲስ ሄድኩ። ነፋሱ ከገለባው ላይ ብርድ እያፈሰ ይመጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ሆዴን አመመኝ» አልኩ፤ ሚስቴ ሦስቱንም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

ቤቱ ውስጥ ጥቂት ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። የዘገየ ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን እንባዬ ሳይጠይቀኝ መጣ። «አላህ ያጽናችሁ» አልኩ። ቃሉ ወጣ። አንድም ሰው ለምን ዘገየህ አላለኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

የሟች ታላቅ ወንድም ጥግ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። አዴ በኦሮምኛ ማንነቴን ነገሯቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«አልጋው ላይ የነበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«ንገረን እስቲ። አልጋው እንዴት ነው? እኛ አላየነውም።»

ስንት ሻይ ቤት ያሳቅሁበት ወሬ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ ሰማዩ፣ የሚያፈሰው ቧንቧ፣ ዋጋው። ሁሉም ያየኛል። ሊስቁ አልነበረም የተጠጉት፤ ለሰውያቸው የተመኙለትን ነገር ሊያዩ ነው።

«ጠባብ ነው» አልኩ። «ብረት ነው፤ ፍራሹ በላስቲክ የተሸፈነ ነው። ብዙውን አላስታውስም፣ አስተኝተውኝ ነበር። ስነቃ ጣሪያው ላይ የውኃ እድፍ አየሁ። ነርሶቹ ጎኔ እንዳይቆስል ያገላብጡኛል። አፌ ይደርቅ ነበር። ከራስጌዬ ማሽኑ አለ፤ እሱ ነው የሚተነፍስልኝ። ፉት ይላል፣ ይመልሳል።»

«ሌሊትም?» አሉ ሽማግሌው።

«ሌሊትም።»

«አይደክመውም?»

ወደ አዴና ወደ ሚስቴ ላለማየት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አራቱም እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«አይደክመውም አባቴ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አዴ ተነሥተው እርጎ በጣሳ አመጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ጠጣ» አሉ። «ጠጣና ቀጥል። ምንም ሳትጨምር።»